አምበር ገበያ ላይ የሳቅኩት ሳቅ

ነገሩ ከሆነ ሦስት ክረምት አልፎታል። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ በነበረች አንዲት ቅዳሜ ነው። በሕይወትሽ በጣም የሳቅሽበት ቀን የቱ ነው ብባል የምጠራው ያን ቀን ነው። ታናሽ ወንድሜ ይበልጣል ግን ያን ጊዜ ሞቶ ተቀብሮ ነበር። አብረውኝ ገበያ የዋሉት ሁለት ጓደኞቼ ያውቃሉ። እኔ አላውቅም። ከልቤ አልወጣ ያለኝም ለዚህ ነው።

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ሲሆን መድኃኒት ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ባንቺአምላክ፣ ባንቺ የምንላት፣ አስተማሪ ናት፣ ሙሉ ደግሞ ጸጉር ቤት አላት። ሦስታችንም አንድ ግቢ ተከራይተን ነው የምንኖረው፤ ያንዷ ወጥ የሌላዋ ነው። እኔ ለፍላፊ ነኝ፣ አፌ አያርፍም። ባንቺ ቁጥብ ናት። ሙሉ ደግሞ ውሸት የማይሆንላት፣ የልቧ ሁሉ ፊቷ ላይ የሚታይ ልጅ ናት።

ይበልጣል በሁለት ዓመት ያንሰኛል። አባታችን ልጆች ሳለን ስለሞተ፣ ደብረ ኤልያስ ወረዳ ገጠር ለምትኖረው እናታችን ወንድ የምትለው እሱ ብቻ ነበር። ያን ክረምት የራሳችንን ማሳ ዘርቶ ሲጨርስ፣ ብዙ የአገራችን ልጆች እንደሚያደርጉት ለሰሊጥ አረም መተማ በረሃ ወረደ። መጨረሻ የደወለልኝ ጊዜ "ለዘመን መለወጫ እመጣለሁ፣ ዶሮ አዘጋጂ" ብሎኝ ነበር።

ወባ ያዘውና አልተነሣም። ዓርብ ዕለት አብረውት የወረዱት ልጆች እዚያው በረሃ ባለች ቤተ ክርስቲያን ቀበሩት። ስልክ የተደወለው ማርቆስ ላለው አጎቴ ነው።

በእኛ ዘንድ መርዶ እንዲሁ አይነገርም። መንገድ ላይ አይነገርም፣ በስልክማ ነውር ነው። ሰው ቤቱ እንዳለ፣ ዘመድና ጎረቤት ከቦት፣ ጎህ ሲቀድ ነው የሚነገረው። ለእኔና ለእናቴ ደግሞ እኩል መነገር ነበረበት። እኔ ከቀደምኩ ስልክ አንስቼ እናቴ ላይ መጮኼ አይቀርም፤ እሷም ደጋፊ ሳይኖራት ልትሰማ ነው። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ለሁለታችንም እሁድ ጎህ ሲቀድ እንዲሆን ቆረጡ። ቅዳሜን እኔን የሚያቆየኝ ሰው አስፈለገ። አጎቴ ጓደኞቼን ለብቻቸው ጠርቶ "ከከተማ አውጡልኝ፣ ስልኳም እጇ ላይ እንዳይውል" አላቸው። ይህን ሁሉ የሰማሁት ኋላ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ባንቺ በሬን አንኳኳች።

"ተነሽ፣ አምበር ገበያ እንሂድ። እሸት በቆሎ አምሮኛል።"

"ሥራስ?"

"አሠሪሽን አስፈቅጄልሻለሁ።"

ባንቺ ጭቃ የምትጠላ፣ በክረምት ከበር ወጥታ ውኃ ለመቅዳት እንኳ የምታማርር ሴት ናት። እኔ ግን ምንም አልጠረጠርኩም። እንዲህ የሚያስብልኝ ሰው አለኝ ብዬ አቅፌ ሳምኳት። ሙሉም መጣችና "የኔ ስልክ ባትሪ የለውም፣ ያንቺን ስጪኝ፣ ፎቶ አነሣበታለሁ" ብላ ተቀብላኝ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ በኋላ ስልኬን አላየሁትም።

ሚኒባሱ ውስጥ ሙሉውን መንገድ ለፈለፍኩ። ዝናቡ ቆሞ ሰማዩ ገለጥ ብሏል፣ ማሳው ሁሉ አረንጓዴ ነው። ሁለቱ ዝም ሲሉ እንቅልፍ ያልለቀቃቸው መሰለኝና አሾፍኩባቸው።

ገበያው ሞልቷል። ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጣል። አዲስ ድንች በየጆንያው ተደርድሯል፣ ጎመኑ ጠሉ አልደረቀም፣ እሸት የሚጠብሱት ሴቶች ጭሱን በነጠላቸው ያራግባሉ። እሸት ገዝተን እየጋጥን ዞርን። ከዚያ እኔ ለበዓል የምትሆን ዶሮ ካላየሁ አልሄድም አልኩ። አንዲት ቀይ ዶሮ አንስቼ ክብደቷን ስገምት ገመዷ ተፈታና ከእጄ አመለጠች። ተከተልኳት። በድንቹ መሃል፣ በሰዉ እግር ሥር፣ በታሰሩት ፈረሶች አጠገብ ስንሯሯጥ ቆይተን በመጨረሻ እሷ አጥር ዘላ ሄደች፣ እኔ ጭቃው ላይ በደረቴ ተዘረጋሁ።

ገበያው በሳቅ አለቀ። ባለ ዶሮዋ ሴትዮ ራሷ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔማ መነሣት አቃተኝ፣ እዚያው ጭቃ ላይ ተቀምጬ ትንፋሽ እስኪያጥረኝ ሳቅኩ። ቀና ስል ባንቺና ሙሉ ተያይዘው እንባቸው ይወርዳል። የሳቅ እንባ መሰለኝ። "በሉ በቃችሁ፣ አንሡኝ!" አልኳቸው።

ልብሴን በውኃ አለቅልቄ ወደ ቅቤ ተራ ሄድን። እዚያ እትዬ የሺ አሉ። የመንደራችን ሰው ናቸው፣ አምበር አግብተው ነው የቀሩት። አምበር በመጣሁ ቁጥር ሳልስማቸው አልመለስም። ከሩቅ አይቻቸው "እትዬ!" ብዬ ጮህኩ። አዩኝ። ወዲያው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ጎንበስ አሉ።

"ምን በደልኩዎ እትዬ? ጭራሽ ይደበቁኝ ጀመር?" አልኳቸው አጠገባቸው ደርሼ።

"ዓይኔን አሞኝ ነው፣ ልጄ።"

ከዚያ አንገቴን ይዘው ሳሙኝ። ደግመው ሳሙኝ። አልለቀቁኝም። "አንጀቴን... እኔን ልጄ፣ እኔን..." ሲሉ ባንቺ መሃላችን ገባችና "እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልን፣ መኪና እንዳያመልጠን" ብላ ክንዴን ጎተተችኝ። እትዬ በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ አንሥተው እጄ ላይ አስቀመጡ፤ ዋጋውን እንዲቀበሉ ብለምናቸው አሻፈረኝ አሉ። ባንቺን ተቆጣኋት። "ትልቅ ሰው እያናገርኩ እንዲህ ይጎተታል? ዛሬ ምን ሆነሻል?" አልኳት።

ልንወጣ ስንል ዱላ የሚሸጡ አንድ አባት አየሁ። የወይራ ዱላዎቻቸውን ግንድ ላይ አስደግፈው ተቀምጠዋል። ይበልጣል ለዱላ ነፍሱን ይሰጣል፤ የድሮው ተሰብሮበት በረሃ የወረደው ባዶ እጁን ነው። ለዘመን መለወጫ ሲመጣ ብሰጠው ብዬ አንዱን አነሣሁ።

"አሁን ምን አስቸኮለሽ?" አለች ባንቺ። "ራሱ ይምረጥ እንጂ።"

"እሱማ የያዘውን ሁሉ ነው የሚወደው።"

ዱላውን ትከሻዬ ላይ አጋድሜ፣ ሁለቱን እጆቼን እንደሱ አንጠልጥዬበት፣ አረማመዱን እያስመሰልኩ ወዲያና ወዲህ አልኩ። ይበልጣል ሲሄድ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላል። በዙሪያው ያለው ሰው ሳቀ። ሽማግሌውም ሳቁና ዋጋውን ከተቀበሉ በኋላ ዱላውን በሁለት እጃቸው አቀበሉኝ።

"ለማን ነው ልጄ?"

"ለወንድሜ ነው፣ አባባ።"

"እሰይ። ባለቤቱ በጤና ይያዘው።"

"አሜን" አልኩ። በዙሪያው የነበረውም ሰው አሜን አለ። የጓደኞቼን ድምፅ አልሰማሁም። ዞር ስል ሙሉ የለችም። ባንቺ መሬት መሬት ታያለች።

"አሜን በይ እንጂ!" አልኳት።

ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ድምፅ ግን አልወጣትም።

ሙሉን በርበሬ ተራ ጆንያዎቹ መሃል ቆማ አገኘኋት። ዓይኗ ደም መስሏል። በርበሬ ገባብኝ አለችኝ። ኮዳዬን ከፍቼ ፊቷን አጠብኩላት፤ ዓይኗ በርበሬ የማይችል ሰው በርበሬ ተራ ምን አስገባት እያልኩ ቀለድኩባት። እሷ እጄን ይዛ ታጠበች።

ወደ ማርቆስ ስንመለስ ዱላውን ጉልበቴ መሃል አቁሜ ሚኒባሱ ውስጥ ተቀመጥኩ። "ሙሉ፣ እስቲ ስልኬን። ዱላ ገዛሁልህ ልበለው" አልኳት። ኔትወርክ የለም አለች። በረሃ መቼ ኔትወርክ ኖሮ ያውቃል ብዬ ተውኩት። ስልኩን ከጠዋት ጀምሮ አጥፍታው ነበር።

ቤት ስንደርስ ባንቺ "ዛሬ እኔ ቤት ብርድ ነው፣ አንቺ ጋ ልደር" አለችኝ። ደክሞኝ ስለነበር ወዲያው እንቅልፍ ወሰደኝ።

የነቃሁት በእግር ኮቴ ነው። የአንድ ሰው አይደለም፤ የብዙ ሰው ነው፣ ጭቃውን ቀስ ብለው እየረገጡ። ጎሁ በመስኮቱ ስንጥቅ ገብቷል። ባንቺ ለብሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ እንዳልተኛች ገባኝ። ያገሬ ልጅ ነኝና በዚያ ሰዓት እንዲያ የሚረግጥ ሰው ለምን እንደሚመጣ አውቃለሁ። ልጠይቃት ፈልጌ አፌ አልከፈት አለኝ። የማያርፈው አፌ።

አጎቴ ገባ። የንስሐ አባቴ ከኋላው ነበሩ። ከእነሱ ኋላ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት፣ የጸጉር ቤቱ ልጆች፣ ጎረቤቶች፣ እትዬ የሺም ከአምበር መጥተው ቆመዋል።

"እማ ናት?" አልኩ።

"አይደለችም ልጄ" አለ አጎቴ። "ይበልጣል ነው።"

የተናገርኩትን ሌሎች ናቸው ኋላ የነገሩኝ። ተቆጥቼ "ትናንት ዱላ ገዝቼለታለሁ እኮ!" አልኩ አሉ። ደጋግሜ ይህንኑ ነበር የምለው፤ ዱላ ገዝቼለት እንዴት ይሞታል እያልኩ ከአጎቴ ጋር ስከራከር ነበር አሉ።

አርባው ሲወጣ ከጓደኞቼ ጋር ተጣላሁ። ሞቱን በመደበቃቸው አልነበረም የተጣላኋቸው፤ ያ ወግ ነው፣ እኔም በሌላ ሰው መርዶ አድርጌዋለሁ። አልዋጥ ያለኝ ሳቁ ነው። ወንድሜ አንድ ቀን አፈር ውስጥ አድሮ እኔ ገበያ መሃል አረማመዱን እያሳየሁ ሰው አስቃለሁ። "ለምን አሳቃችሁኝ?" አልኳቸው። "ቤት አስቀምጣችሁ ብታቆዩኝ ምን ነበር?"

ሙሉ ማልቀስ ጀመረች። ባንቺ ናት የመለሰችልኝ።

"እኛ መቼ አሳቅንሽ? አንቺ ነሽ የሳቅሽው። ልናስቆምሽ ነበር የፈለግነው። አንድ ቃል ብንናገር ደግሞ ሁሉም ነገር ሊወጣ ነው። እንደዚያን ቀን የተጨነቅሁበት ቀን የለም።"

ለእኔ የተዘረጋው ደስታ ለእነሱ ምን እንደነበረ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ታረቅን። ሳቁ ግን እንደተቀመጠ ቀረ።

ለማንም ሳልነግር ቆይቼ ባለፈው ዓመት ለእናቴ ነገርኳት። ዶሮዋን፣ ጭቃውን፣ ዱላውን፣ ሁሉንም። ትቆጣለች ብዬ ነበር። እሷ ግን በዚያች ቅዳሜ ምን ስታደርግ እንደዋለች ነገረችኝ። ጎረቤት ሁሉ በየምክንያቱ ሲጠይቃት ዋለ፤ አንዷ እርሾ ልትዋስ፣ አንዱ አጥር ሊያጥርላት። ይህን ያህል ሰው ይወደኛል ወይ ብላ ስትደሰት እንደዋለች ነገረችኝ። ማታ ላይ የይበልጣልን መደብ ጠርጋ ለበዓል አዲስ ቁርበት አነጠፈችለት።

"እንኳን ሳቅሽ" አለችኝ። "ልጄ ሰው በሌለበት በረሃ ተኝቶ፣ እዚህ ግን ያን ቀን ሁለት የሚጠብቁት ሰዎች፣ እኔና አንቺ፣ ነበሩት። ሲነጋ እኮ ማንም አልጠበቀውም።"

እናቴ ስትናገር አጽናንታኛለች። ለብዙ ጊዜም ተጽናናሁ መስሎኝ ነበር።

በዚህ ክረምት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ባንቺ በሬን አንኳኳች። ፀሐይ ወጥቶ ነበር፤ ደስ ብሏታል። "ተነሽ፣ አምበር እንሂድ" አለችኝ። አልጋዬ ላይ እንደተቀመጥኩ "ማን ሞተ?" አልኳት።

ፊቷ ተለዋወጠ። "ማንም አልሞተም። በማርያም፣ ማንም አልሞተም። እሸት አምሮኝ ነው" ብላ ማለችልኝ፣ ደግማ ማለችልኝ። አመንኳት። ቢሆንም ስልኬን አንስቼ ለእናቴ ደወልኩ። ቶሎ አነሣች። ጎመን እየቀነጠሰች እንደሆነ ነገረችኝ፤ ላሟ እንደወለደች፣ ዝናቡም ጋብ እንዳለላት ነገረችኝ። ድምፅዋ ደህና ነው። ማንም አልሞተም።

ባንቺ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። "ሂጂ፣ አንቺ ሂጂ" አልኳት። እሷም አልሄደችም። ገብታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ቅዳሜውን እንደዚያው ተቀምጠን ዋልን።