ዝናብ የዋጣት ፊደል

የከተማችንን ስም አልጽፍም። ከአሰበ ተፈሪ ወደ ገለምሶ በሚወስደው መንገድ ላይ ካሉት ትንንሽ ከተሞች አንዷ ናት፤ ይኸው ይበቃል። ስሟን ብጽፍ የዚያን ጊዜው ሹም የልጅ ልጆች መጥተው በሬን ያንኳኳሉ፤ እኔ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ ከሰው ጋር እሰጥ አገባ አልፈልግም። ዘርፈሽዋል እባላለሁ፤ በማዘጋጃ ቤቱ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በታይፕ ጸሐፊነት ሠርቻለሁ። የምጽፈው ስለ አስተርጓሚያችን ስለ አቶ አምባው ነው። እሳቸው የሞቱ ጊዜ የሕይወት ታሪካቸውን ያነበበው ሰው በአራት መስመር ጨረሳቸው፤ ያ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

አምባው የተወለዱት እዚያው ከተማችን፣ ከወታደር ቤት ነው። እናታቸው በወለዷቸው በሳምንቱ ሞቱ። አባትየው ጨቅላ ታቅፈው ግራ ሲጋቡ፣ ከአጥር ማዶ የነበረች ዙለይኻ የምትባል የኦሮሞ ሴት፣ እሷም አራስ ነበረችና፣ ልጁን ወዲህ አምጡት አለች። አንዱን ጡት ለልጇ ለዓሊዩ፣ አንዱን ለአምባው ሰጠች። በእኛ አገር የጡት ወንድም ወንድም ነው፤ አንዱ እስላም አንዱ ክርስቲያን መሆኑን ማንም አያነሳውም። አምባው አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ ነው። "አዮ" ብለው የጠሩትም እሷን ነበር፤ እናቴ ማለት ነው። አማርኛውን ኋላ ከአባታቸውና ከቄስ ትምህርት ቤት አገኙት።

ለዚህም ይመስለኛል እንደሳቸው የሚያስተረጉም ያልነበረው። ሌላው አስተርጓሚ የገበሬውን የግማሽ ሰዓት አቤቱታ "መሬቴን ነኩብኝ ይላል" ብሎ ይገላገላል። አምባው ግን ከነሳሉ ከነትንፋሹ ነበር የሚያመጡት። ሹሙ ይሰለቹና ባጭሩ ምን አለ ይሏቸዋል። "ባጭሩ አላለም፣ ጌታዬ" ይላሉ አምባው። እኔም ኦሮምኛ እሰማለሁና ከታይፑ ጀርባ ሆኜ ሳቄን በእጄ እይዛለሁ።

ከወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ በስተርጅና የወለዱት አንድ ልጅ ነበራቸው፣ ሞገስ። ቁመቱ መለሎ፣ የትምህርት ቤቱ የቅርጫት ኳስ ቡድን አምበል። በሃምሳ አራት ዓመተ ምሕረት ግንቦት ላይ ከገለምሶ ከመጡ ልጆች ጋር ሲጋጠሙ ዝናቡ ወረደ። ሜዳው ጭቃ ሆነ፤ ልጆቹ ግን እልህ ተጋብተው አላቆሙም። ሞገስ በማግስቱ አሳለው፤ በአሥረኛው ቀን የሳንባ ምች ገደለው። አምባው እዚያው ሜዳው ዳር ጃንጥላ ይዘው ቆመው ያጨበጭቡ ነበር። "ና ግባ ማለት ሲገባኝ አጨበጨብኩ" አሉኝ አንድ ቀን።

ሐዘናቸውን ጨርሰው ሥራ የገቡ ዕለት ለምክር ቤቱ ማመልከቻ አስጻፉኝ። ልጆች ክረምት ከበጋ የሚጫወቱበት፣ ጣራ ያለው የስፖርት አዳራሽ ይሠራልን የሚል ነበር። የምክር ቤቱ ሽማግሌዎች ሳቁ። ኳስ ደግሞ ከዝናብ ይጠለል ጀመር እንዴ አሉ። እንዲህ እየተሳቀ ከርሞ፣ ከበላይ "ለወጣቶች ምን አስባችኋል?" የሚል ደብዳቤ ሲመጣ የሳቁት ሁሉ አሳቢ ሆነው ቁጭ አሉ። የመንገድ ሥራ መሐንዲስ ተለምኖ ፕላን ነደፈ። አምባው ያን ፕላን ጠቅልለው በብብታቸው ይዘውት ይዞሩ ነበር፤ ቡና ቤት እንኳ ሲገቡ ጠረጴዛ ላይ አያስቀምጡትም፣ እንዳይረጥብ።

ከተማችን ተዳፋት ናት። ለአዳራሹ የሚሆን ደልዳላ ቦታ አንድ ብቻ ተገኘ፤ እሱም የኦቦ ዓሊዩ ነበር። ዙለይኻ በእጇ የተከለችው ቡና ያለበት፣ እሷም ጥጉ ላይ የተቀበረችበት። ሹሙ በለውጡ ወንዝ ዳር ሌላ መሬት እንሰጠዋለን፣ ፈቃዱን ግን ይጠየቅ አሉ።

ለምን ቀድመው ሄደው ወንድምዎን አያናግሩም አልኳቸው።

"እኔ ከጠየቅኩት እምቢ ማለት አይችልም፣ ዘርፌ። ሸንጎ ፊት ይጠየቅ። እዚያ እንደልቡ ይመልሳል።"

ይህን ያሉበት ቅንነት ነው እስከ ዛሬ አንጀቴን የሚበላኝ።

ሐምሌ ሃምሳ አምስት ነበር። ስብሰባው በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ተደረገ፤ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ እንደ ጠጠር ይወርዳል። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ስለነበርኩ በመስኮቱ በኩል፣ ከኦቦ ዓሊዩ ጎን ተቀመጥኩ። አምባው ማዶ ከሹሙ አጠገብ ቆመዋል፣ ፕላኑን ይዘው። ኦቦ ዓሊዩ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው፤ አማርኛቸውም ከሰላምታ አያልፍም። ሹሙ ጠየቁ፣ አምባው ወደ ኦሮምኛ መለሱት። ኦቦ ዓሊዩ መለሱ።

"ለፈ አዮ ቲያ ሂን ኬ…"

የእናቴን መሬት ማለት ነው። ቀጥሎ "ሂን ኬና" ካሉ እሰጣለሁ ነው። "ሂን ኬኑ" ካሉ ደግሞ አልሰጥም። እሺንና እምቢን የምትለየው የመጨረሻዋ ፊደል ብቻ ናት፤ የአገሩ ሰው ደግሞ እሷን በትንፋሽ ብቻ ነው የሚላት። ቆርቆሮው ይጮኻል። አምባው ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ቆዩ። እንደ ልማዳቸው ድገምልኝ ይሉ እንደሆነ ብዬ ብዕሬን አንስቼ ጠበቅኩ። አላሉም።

"የእናቴን መሬት እሰጣለሁ ይላል" አሉ ለሹሙ፣ ድምፃቸው ተሰባብሮ። ከዚያም እንደ ሕፃን አለቀሱ።

ሸንጎው አጨበጨበ። ኦቦ ዓሊዩ ጭብጨባው አልገባቸውም፤ የገባቸው የወንድማቸው እንባ ነው። እምቢ ስላልኩት ነው የሚያለቅሰው ብለው ተነስተው ሄዱና ትከሻቸውን አቀፉ። ይሄኔ አዳራሹ የባሰ አጨበጨበ። እኔ የጻፍኩትን አቀረብኩ። ኦቦ ዓሊዩ ምን ይላል ብለው ጠየቁ፤ አምባው ያልከውን ነው አሏቸው። ወንድም ወንድሙን አይጠራጠርምና አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ።

በአሥራ አንደኛው ቀን የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኞች ቡናውን ጨፈጨፉት። ኦቦ ዓሊዩ አንድ ቅርንጫፍ ከነእሸቱ ይዘው ቢሮ መጡ። አልጮኹም። ቅርንጫፉን አምባው ጠረጴዛ ላይ አኖሩና፣ "ሂን ኬኑ ነበር ያልኩህ" አሉ በኦሮምኛ፣ "ኑ"ዋን አጥብቀው። ተመልሰው ወጡ። አምባው ወንበራቸው ላይ መቀመጥ አቅቷቸው መሬት ላይ ተቀመጡ፤ እኔም አጠገባቸው።

ከዚያ ሹሙ ዘንድ ገብተው በስሕተት ነው የተረጎምኩት፣ ቃሌን አንሳለሁ አሉ። ሹሙ አሻራውን አሳዩዋቸው። እርስዎ አይደሉም እንዴ ለልጄ ብለው የለመኑን አሏቸው።

"ለልጄ ብዬ ነው የተሳሳትኩት" አሉ አምባው።

ሰሚ አላገኙም። ኦቦ ዓሊዩ የወንዝ ዳሩን መሬት አልቀበልም ብለው ዘመድ ወዳለበት ወደ ቦኬ ሄዱ። መሠረቱ ተቆፈረ፤ ከዚያ ከበላይ ይመጣል የተባለው ገንዘብ ሳይመጣ ቀረ፣ ሹሙም ተዛወሩ። አዳራሽ ይቆምበታል የተባለው ጉድጓድ በየክረምቱ ውሃ እየሞላ እንቁራሪት ይጮኽበታል፤ ልጆቹም እዚያው የቀድሞ ጭቃቸው ላይ ይጫወታሉ። የዙለይኻ መቃብር ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ብቻውን ቀረ።

አምባው ማስተርጎም ተዉ። መዝገብ ቤት አዛውሩኝ ብለው አቧራ ውስጥ ገቡ። ገበያ ሲወጡ አንድ ሰው በኦሮምኛ አንድ ነገር ካላቸው፣ አዎን ነው አይደለም እያሉ ሦስት ጊዜ ያስደግሙታል። የሰፈሩ ባለጌ ሁሉ "ኬና ወይስ ኬኑ" የሚል ስም አወጣላቸው። እኔ አንዱን በጥፊ ብዬዋለሁ፤ አልጸጸትም። በየዓመቱ መሬቱ ለባለቤቱ ይመለስ የሚል አቤቱታ አሰበ ተፈሪ ድረስ ይልካሉ፤ እኔ በትርፍ ሰዓቴ በታይፕ እመታላቸዋለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ።

በስልሳ አንድ መልስ መጣ። አዳራሹ ስለቀረ መሬቱ ለዓሊዩ ይመለስ ይላል። አምባው ደብዳቤውን እንደዚያ ፕላን ጠቅልለው በብብታቸው ይዘው፣ ጭነት መኪና ላይ ተሳፍረው ቦኬ ወረዱ። በአራተኛው ቀን ተመለሱ።

ኦቦ ዓሊዩን ታመው አልጋ ላይ አገኟቸው። ደብዳቤውን ቃል በቃል በኦሮምኛ ነገሯቸው፤ ከዚያን ቀን ወዲህ የተረጎሙት እሱን ብቻ ነው። ወደ ቤትህ ትገባለህ ብለው ጠየቋቸው። ኦቦ ዓሊዩ እጃቸውን ያዙና፣ "ሂን ገ…" አሉ። ሂን ገላ ከሆነ እገባለሁ ነው፤ ሂን ገሉ ከሆነ አልገባም።

"ዝናብ አልነበረም፣ ዘርፌ" አሉኝ አምባው። "ጠራራ ፀሐይ ነበር። የመጨረሻዋን አልሰማኋትም። ሦስት ጊዜ ጠየቅኩት፤ ዝም ብሎ እጄን ይዞኝ ተኛ።"

ኦቦ ዓሊዩ በማግስቱ ሞቱ።

አምባው ከቦኬ እንደተመለሱ ጡረታ ወጡ። ያን ጉድጓድ በዶማ በዶማ እየደፈኑ፣ በዙለይኻ መቃብር ዙሪያ የቡና ችግኝ ተከሉ። ምናልባት "ገላ" ብሎኝ ይሆናል ይሉ ነበር፣ ሙት ይመጣ ይመስል። ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ምሳቸውን እዚያ ድረስ ያመላልሱላቸዋል። ችግኙ ሳያፈራ አምባውም ታመው አልጋ ላይ ወደቁ።

ልጠይቃቸው ስሄድ ፊታቸው ወደ ግድግዳ ነበር። ድምፄን ሲሰሙ ዞሩና፣ "አንቺስ ያን ቀን ምን ሰማሽ?" አሉኝ። በስምንት ዓመት አንድ ጊዜ ጠይቀውኝ አያውቁም።

ዝናቡ ብዙ ነበር አልኳቸው።

"እውነትሽን ነው፤ ብዙ ነበር" አሉና ዓይናቸውን ከደኑ። በሦስተኛው ቀን ቀበርናቸው።

እኔ ግን ሰምቼ ነበር። ከኦቦ ዓሊዩ ጎን የተቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ "ኑ"ዋን በደንብ ሰምቻታለሁ። አምባው ሲያለቅሱ አየሁና፣ ከእኔ እሳቸው ያውቃሉ ብዬ "ፈቅደዋል" ብዬ ጻፍኩ።