የአትላሱ ሽማግሌና የታክሲዬ ጭስ

ዓመታት አልፈዋል፤ በረዶ በጣለ ቁጥር ግን ትዝ ይለኛል። ያን ቀን የሠራሁት ስህተት ሁለት ሰው ሊገድል ነበር።

በ2000ዎቹ መጨረሻ ሲያትል ታክሲ እነዳ ነበር። ሐጂ ብራሂም የሚባሉ የሞሮኮ ሽማግሌ ከተራራው ማዶ፣ ያኪማ ልጃቸው ዘንድ እንዳደርሳቸው ጠየቁኝ። አውቶቡሱ በበረዶ ምክንያት ተሰርዞባቸዋል። አውቶቡስ የፈራውን መንገድ እኔ ደፈርኩት።

ስኖኳልሚ የሚባለው የተራራ ማለፊያ ላይ ስንደርስ የበረዶ ናዳ መንገዱን ዘጋው። ከፊታችን የጭነት መኪና፣ ከኋላችን ሌላ። የሚወርደው በረዶ ጎማችንን ዋጠው። ወጥመድ የገባች አይጥ ሆንኩ። ሞተሩን ሳላጠፋ፣ ሙቀቱን ለቅቄ፣ መስኮቱን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁ።

ሽማግሌው ግን ተረጋግተው ያወራሉ።

"ይሄ ተራራ የኛን አትላስ ይመስላል። ወዲህ ዝናብና ጫካ፣ ወዲያ ደረቅ ምድር። የኛ ከሞሮኮ ተነሥቶ፣ አልጄሪያን አቋርጦ ቱኒዝያ ይደርሳል። ከጀርባው ሰሃራ ነው። ስንት ወራሪ መጣ፣ ስንት ሄደ! አባቶቻችን እላዩ ላይ እየወጡ ተረፉ።"

"ከራስ ዳሽን ግን አይበልጥም" አልኩ። ጉራ በፍርሃት አይጠፋም።

"ወጥተኸዋል?"

በፎቶ ብቻ ነው የማውቀው። ሙቀቱን ጨመርኩት።

ሽማግሌው በየሃያ ደቂቃው በሩን ከፍተው ይወርዳሉ፣ ቆይተው ይመለሳሉ። ብርዱ ሲገባ እናደዳለሁ። ራሴንም ያመኝ ጀምሯል፤ ከጭንቀት መስሎኛል። በሦስተኛው ጮህኩባቸው።

"ሐጂ፣ ፕሊስ በሩን ይዝጉት! በብርድ ገደሉን እኮ!"

"ሞተሩን አጥፋና ና፣ ውረድ" አሉኝ።

ከመኪናው ኋላ ተንበርክከው በባዶ እጃቸው በረዶ ይዝቃሉ። የጭስ ማውጫው ተደፍኗል።

"ጭሱ ወደኛ ነው የሚመለሰው። ፈርተህ ስለነበር ዝም ብዬ ስጠርግ ቆየሁ፤ አሁን ግን በረዶው ቀደመኝ።" በረዶውን እየዛቁ ቀጠሉ። "ልጅ ሆኜ በረዶ መንደራችንን ዘጋው። እናቴ እንዳይበርደን ከሰል አቀጣጥላ በሩን ዘጋች። ሲነጋ የነቃሁት እኔ ብቻ ነኝ።"

አፈርኩ። እኔ እኮ "ከሰሉ ሳይፋም ቤት አታስገባ" እየተባልኩ ያደግኩ ልጅ ነኝ! መኪናም ያው ከሰል መሆኑን አላሰብኩትም።

መንገዱ እስኪከፈት ሞተሩን አጥፍተን አንድ ካፖርት ለሁለት ተከናንበን ቆየን። ያኪማ ስንደርስ ልጃቸው እጃቸውን አይታ አለቀሰች፤ ጣቶቻቸው ተሰነጣጥቀው ይደማሉ። ይቅርታ ሳልጠይቃቸው ተመለስኩ።

ራስ ዳሽንን እስከ ዛሬ አልወጣሁም። በረዶ በጣለ ቁጥር ግን ሞተር ሳላስነሳ ከመኪናዬ ኋላ እንበረከካለሁ። ያኔ "ይቅርታ፣ ሐጂ" ማለት ይመጣብኛል። የሚሰማኝ የለም።