አባቴ የገነዘው መጽሐፍ

አባቴ ጌትሴል በቦብሩይስክ ከተማ በአይሁዶች ምኩራብ ሻማ የሚያበራ፣ ምድጃ የሚያነድ፣ ሰው ሲሞት መቃብር የሚቆፍር ሰው ነበር። ከሥራው ሁሉ የሚወደው ግን ያረጁ የጸሎት መጻሕፍትን መቅበር ነው። እኛ ቅዱስ ቃል ያለበትን ወረቀት አናቃጥልም፣ አንጥልም፤ እንደ ሰው እንቀብረዋለን። አባቴ በነጭ በፍታ ይገንዘውና ያለ ሣጥን አፈር ያለብሰዋል።

ሊፓ ዶልጊን አብሮ አደጉ ነው፤ ፊደል የቆጠሩት በአንድ መምህር አርጩሜ ነው። ሊፓ አድጎ በእኛ በአይሁዶች ቋንቋ በይዲሽ የሚጽፍ ደራሲ ሆነ፤ ሃይማኖቱንም ጣለ። አንድ ጊዜ በጋዜጣ አባቴን «የከተማችን የመጨረሻው ጢም» ብሎ ተሳለቀበት። አባቴ ወረቀቱን ቆርጦ አስቀምጦ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያነብለት ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ነበር።

ጦርነቱ ባበቃ በአራተኛው ዓመት፣ በይዲሽ የሚጽፉ ሰዎች ከሞስኮም ከሚንስክም አንድ በአንድ በመንግሥት ፖሊሶች ይለቀሙ ጀመር። ሊፓ አንድ ማለዳ የብስኩት ቆርቆሮ በብብቱ ይዞ መጣ። ውስጡ ያለው ጀርመኖች የጨረሷቸው የሠፈራችን ሰዎች ታሪክ ነው፤ በየቤቱ፣ ስም በስም። ሌላ ቅጂ የለውም።

«ከመጻሕፍትህ ጋር ቅበርልኝ» አለ። «እዚያ ማንም አይፈትሽም።»

«አንተ ከሃዲ፣ መጨረሻህ እኔ ጋ ሆነ?» አለው አባቴ። ሳቁ።

በሳምንቱ ፖሊሶች ወሰዱት። የቤቱን ወለል ሳይቀር ነቅለው በረበሩ፤ ምንም አላገኙም።

አባቴ ቆርቆሮውን ሲከፍት አጠገቡ ነበርኩ። ገጾቹን ሲገልጥ የእናቱን ስም አገኘና ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ከዚያ ለራሱ መገነዣ ያስቀመጠውን አዲስ በፍታ አወጣ። እሱ ሙታንን በብስኩት ቆርቆሮ አይቀብርም። ወረቀቱን ገንዞ፣ ጸሎት ደግሞ፣ ለአፈር ሰጠው። በቆርቆሮው እናቴ አጃ አስቀመጠችበት። ሰባት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ከእሱ እየጨለፍኩ ገንፎ ሠራሁ። ሊፓ ወረቀቱን ለምን በቆርቆሮ እንዳመጣው አንድም ቀን አላሰብኩም። ደንቆሮ ነበርኩ፤ ሌላ ምን ልበል?

ሊፓ ከእስር ሲመለስ አፉ ውስጥ ጥርስ አልነበረም። ቤታችን ገብቶ ገና ሳይቀመጥ ቆርቆሮውን መደርደሪያው ላይ አየ። ፊቱ በራ።

«አወጣኸው እንዴ?» አለና ከፈተው። እጁን አጃው ውስጥ አስገብቶ እስከ ታች ፈለገ።

«እሱማ ባዶው ቆርቆሮ ነው» አለ አባቴ በኩራት። «ጽሑፍህን በክብር ነው የቀበርኩት። በራሴ መገነዣ።»

«ያለ ዕቃ?»

«ያለ ምንም። እንደ አባቶቻችን።»

ሊፓ ቀና ብሎ አየው። ያኔ አባቴ ክው አለ። አካፋውን አነሣ፤ ሊፓና እኔ ወደ መቃብሩ ተከተልነው።

ያገኘነው ጥቂት የበፍታ ክርና ጥቁር ጭቃ ነው። ሌላው የአፈር ሲሳይ ሆኗል። አባቴ በጉልበቱ ወድቆ በእጁ ይዝቅ ጀመር። ሊፓ ሊያነሣው ሞከረ፤ እምቢ አለ። ይልቅ ስሞቹን እንዲነግረው፣ እኔ እንድጽፍ ለመነ። እኔም ከቦርሳዬ እርሳስ አወጣሁ።

ሊፓ የእህቶቹን ስም ጠራ። የአባቴን እናት ጠራ። የልብስ ሰፊውን ቤተሰብ ጠርቶ ቆመ።

«ከእነሱ ቀጥሎ ያለችው፣ ዳቦ ጋጋሪዋ» አለ። «ያቺ አንካሳዋ። ማን ነበር ስሟ?»

አባቴ ጭቃውን እንደያዘ አሰበ፤ አሰበ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ልጅ ሳለሁ ትኩስ ዳቦ እየቆረሰች ትሰጠኝ ነበር። ስሟ አልመጣልኝም።