ባለጆሮውና ድምፅ አልባዋ መኪና

አርባ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ጋራዥ ውስጥ የናፍጣ ሞተር ሲጠግን የኖረ መካኒክ ነበር። በስሙ የሚጠሩት ደመወዝ ሲከፈል ብቻ ነው፤ ከዚያ ውጪ «ባለጆሮው» ነው። መኪና በሩ ላይ ሲደርስ ቀና እንኳ ሳይል፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ቺንጋው ላልቷል» ወይም «ሦስተኛው ፒስተን ነው» ይላል፤ ሲከፈትም እንዳለው ሆኖ ይገኛል። ያኔ ኮምፒውተር የለ፣ መመርመሪያ ማሽን የለ፤ የሚታመነው ጆሮ ነበር።

ሌላም የሚታወቅበት ነገር ነበረው። የመኪና ጉድለት ደብቆ አያውቅም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያለ፣ ባለመኪናው ቢከፋውም ባይከፋውም ፊት ለፊት ይነግረዋል። አለቃው በዚህ የተነሣ ስንት ደንበኛ እንደሸሸ፣ ስንቱ ደግሞ በዚሁ ተስቦ እንደመጣ ሲያስብ ኖሮ፣ እኩል ለእኩል ሲሆንበት ተወው።

ጡረታ በወጣ በሦስተኛው ዓመት አንዲት ልጁ፣ የውኃ መሐንዲሷ፣ በሁለት ዓመት ውል ሩቅ አገር ለሥራ ልትሄድ ሆነ። የኤሌክትሪክ መኪና ነበረቻት፤ ትንሽ፣ ነጭ፣ ገና አዲስነቷ ያለቀቃት። አንዲት የሥራ ባልደረባዋ «ለኔ ሽጪልኝ» ብላ ለምናት ስለነበር ልጅቱም ለመሸጥ ቆርጣለች።

«ቆማ ከምትበላሽ ብትሸጥ ይሻላል አባዬ» አለችው።

«የቆመ መኪና የሚበላሸው በወጉ የሚያቆመው ሰው ሲያጣ ነው። እኔ ስንት አውቶቡስ ዓመት አቁሜ አስነሥቻለሁ። ተዪያት፣ አደራዋን ለኔ ስጪኝ።»

ሚስቱ በጡረታዋ ልብስ እየሰፋች የምትውል፣ ምላሷ ከመርፌዋ የማይተናነስ ሴት ናት። ከስፌት መኪናዋ ሳትነሣ፣ «ይቺ እኮ እንደ ናፍጣዎችህ አይደለችም፤ አትናገርም። ምኗን ታዳምጣለህ?» አለችው።

ያልተናገረው ነገር ሌላ ነበር። መኪናዋ ከተሸጠች ልጅቱን ወደ ቤት የሚጎትታት አንድ ገመድ የተበጠሰ መሰለው። ዕቃውን ያላነሣ ሰው ይመለሳል፤ ሆዱ የያዘው ይህን ነው። ግን እንዲህ ያለውን ነገር አባት አውጥቶ አይናገርም። ስለ ጎማና ስለ ዝገት ያወራል።

ልጅቱ ተሸነፈች። መኪናዋን ከቤቱ ጀርባ ከቆርቆሮው መጠለያ ሥር አስገባቻት፤ እናቷ ከአሮጌ መጋረጃ ልብስ ሰፋችላት። ግድግዳው ላይ አምስት መስመር የተጻፈበት ወረቀት ለጠፈች፦ ባትሪው ግማሽ ላይ ይቆይ፤ ሞልቶ አይቁም፤ ከሩብ በታች አይውረድ፤ ጎማው በየወሩ ይታይ፤ ሲሞቅ ልብሷ ይገለጥላት። አባቷ መነጽሩን አድርጎ ሁለቴ አነበበና «እሺ» አለ።

እሺ ያለው ለወረቀቱ ነው እንጂ ለነገሩ አልነበረም። ገና አንድ ፍሬ ሳለ፣ እጁን ይዞ ያስተማረው ሽማግሌ መካኒክ በመጀመሪያው ዓመት የነገረው ነገር አለ። ለረጅም ጊዜ የሚቆም መኪና ታንከሩ እስከ አፉ ይሞላል፤ ባዶ ቦታ ከተገኘ እርጥበት ይገባል፣ እርጥበት ዝገት ይወልዳል። ይህን ስንት ጊዜ በዓይኑ አይቷል። ደግሞስ የሰው አደራ በግማሽ ሆድ አስቀምጦ ጠበቅኩ ይባላል? ልጅቱ በሄደች በማግስቱ ገመዱን ሰክቶ ጢም አድርጎ ሞላት። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች የሚል ቁጥር ከመሪው ፊት ባለው ስክሪን ላይ ወጣ። ደስ አለው።

ከዚያ ወዲያ በየቅዳሜው ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ልብሷን ይገልጣል፣ በሩን ይከፍታል፣ የጎደለውን ይሞላል፤ ከዚያ መሪው ፊት ይቀመጣል። ሞተር የለ የሚሞቅ፣ ድምፅ የለ የሚደመጥ። እንዲያው ይቀመጣል። የልጁ የእጅ ቅባት ሽታ ወንበሩ ላይ ለጥቂት ወራት ነበር፤ በኋላ ጠፋ። ቁጥሩም እያደር ቀነሰ። ሦስት መቶ አምስት፣ ሁለት መቶ ዘጠና ስድስት። ብርዱ ነው አለ። ሙቀቱ ሲመጣ ደግሞ ሙቀቱ ነው አለ።

በአሥራ አራተኛው ወር ልጅቱ ደወለች። ውሉ በሦስት ዓመት እንደተራዘመ፣ እሷም እንደፈረመች ለእናቷ ነገረቻት። መኪናዋ ትሸጥ፤ አንዲት አዋላጅ ነርስ በሰው በሰው ሰምታ በመጪው ቅዳሜ ልታይ ትመጣለች። እናትየው ስልኩን ስትዘጋ ባለጆሮው «ሦስት ዓመት» አለና ጫማውን ሲያስር ቆየ፤ የሚሄድበት ግን አልነበረውም።

ለገዢዋ መኪናዋን ላዘጋጅ ብሎ፣ የቁጥሩንም መቀነስ ሊጠይቅ፣ ሐሙስ ዕለት አዲስ ወደ ተከፈተ የኤሌክትሪክ መኪና ጋራዥ ሄደ። ወለሉ ከመጽዳቱ የተነሣ ጫማውን ጠርጎ ገባ። ባለሙያዋ ሸሚዟ ላይ የዘይት ጠብታ የሌለባት ሴት ናት።

«አንድ ወዳጄ መኪናውን አሥራ አራት ወር አቁሟት ነበር» አላት። «ባትሪዋን ሙሉ አድርጎ።»

«የት ነው ያቆማት?»

«ቆርቆሮ ሥር።»

ሴትዮዋ የያዘችውን ካቻቢቴ አስቀመጠች። «አባባ፣ ሰው ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ አንድ ዓመት ቁም ቢባል ምን ይሆናል? ሙሉ ባትሪ እንደዚያ ነው። በዚያ ላይ ሙቀት። ወዳጅዎ ባትሪዋን ጎድተዋታል። ቁጥሩ ስንት ቀንሷል?»

«ሁለት መቶ ሰባ ስምንት ደርሷል። ከሦስት መቶ አሥራ ሁለት።»

«ከአሥር አንዱ ሄዷል ማለት ነው። አይመለስም። ማንም ስላልነገራቸው ይሆናል።»

«ተነግሮት ነበር» አለ። «ግድግዳ ላይ ተጽፎለት ነበር።»

ቤት ሲገባ ሚስቱ ፊቱን አይታ ስፌቷን አቆመች። «ምን አሉህ?»

«አንድ ወዳጄ…»

«ወዳጅ? አንተ ሰውዬ፣ ወዳጅ የለህም እኮ። የነበረህም ሙዚቃ ልስማ ብሎ ሬዲዮውን ጆሮህ አላስከፍት ብሎት ነው የሸሸህ።»

አልሳቀም። ነገራት። እሷም «እንግዲህ ለልጅቱ ንገራት» አለች። «ወይ ዝም በል። ዝም አይነቅዝም። ነርሷ ስለ ባትሪ ምን ታውቃለች? እንደነገሩ ትሸጣለህ፣ ልጅህም ሳትሰማ ያልፋል።»

ይህን ያለችው ልትፈትነው ይሁን ልታሳርፈው አላወቀም። አርብን ሙሉ ጎማ ሲነፋ፣ መስታወት ሲወለውል ዋለ። ሰው ሁሉ እውነተኛ የሚለው እሱ፣ አደራ በላ ሊባል ነው፤ ያውም በገዛ ልጁ። አትሽጪ ያላትም እሱ ነው፤ ያኔ ብትሸጣት ባትሪዋ ደህና ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። ከቀትር በኋላ እጁን ታጠበና ስልኩን ራሱ አነሣ። ከልጁ ጋር የሚያወራው እናቷ አውርታ ስትጨርስ ነበር፤ ስለዚህ ቁጥሯን ፍለጋ ደብተር አገላበጠ።

«አባዬ? እማዬ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ስሚኝ። ወረቀትሽን አልሰማሁም። ባትሪዋን ሞልቼ አቆምኳት፤ ተጎዳች። የኔ ጥፋት ነው።»

«አውቃለሁ» አለች።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። መኪናዋ ስልኬ ላይ ታሳየኛለች። ስትሞላ፣ በሯ ሲከፈት፣ ሲዘጋ።»

ባለጆሮው ወንበር ሳበና ተቀመጠ። «አሥራ አራት ወር ሙሉ ታዪኝ ነበር?»

«መኪናዋን ነው የማየው።»

«ውሸት።»

«በመጀመሪያው ሳምንት ልነግርህ ነበር፤ ላስብበት ስል ቅዳሜ መጣ። በሩን ከፍተህ ግማሽ ሰዓት ቆየህ። በቀጣዩም ቅዳሜ እንደዚያው። ብነግርህ ትናደዳለህ፣ ሁለተኛም አትገባባትም ብዬ ተውኩት። አንዴ ሳትከፍት ቀረህ፣ እማዬ ጋ ደወልኩ፤ ጉንፋን ይዞህ ነበር።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ባትሪው አላሳዘነኝም አልልህም። አሳዝኖኛል» አለች።

«ትመለሻለሽ?» አላት። ይህን ሊጠይቃት አልነበረም የደወለው።

«ሦስቱን ዓመት እጨርሳለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቀውም አባዬ። አውቃለሁ ብልህ እዋሽሃለሁ።»

«እሺ» አለ። የዛሬው እሺ የምር ነበር።

ቅዳሜ ነርሷ መጣች፤ ቁመቷ ረዘም ያለ፣ ችኩል ሴት። ኮፈኑ ጋ ሳትደርስ ባለጆሮው ነገራት። «ባትሪዋ ከአሥር አንዱን አጥታለች። በጥንቃቄ ጉድለት ነው፤ ያጎደልኩትም እኔ ነኝ።»

ነርሷ አየችው። «እስካሁን አራት መኪና አይቻለሁ» አለች። «አራቱም አንዲት አክስት ገበያ ደርሳ ስትመለስባቸው ብቻ የኖሩ ናቸው ተብያለሁ። ያቺ አክስት ስንት መኪና አላት?»

ሚስቱ ከመስኮቱ ሳቀች። ነርሷ ከዋጋው አስቀነሰች፣ ልጅቱም በስልክ ተስማማች። ባለጆሮው ወረቀቱን ከግድግዳው አንሥቶ ለነርሷ ሰጣት። «አንብቢው። እንደኔ አንብበሽ እንዳትተዪው።» መኪናዋ ያለ አንዳች ድምፅ ከግቢው ወጣች።

በሚቀጥለው ሳምንት ሚስቱ መጠለያውን ጠርጋ ለስፌት ጨርቆቿ ሣጥን እንዲያስገባላት አዘዘችው። አስገባላት። ሣጥኑ ላይ ተቀመጠና ስልኩን አወጣ።

«ምነው አባዬ፣ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም። ደወልኩ እንጂ።»

ከዚያ እሷ ስለ ሥራዋ አወራችው፤ ቱቦ ውስጥ ውኃው ሲያልፍ የሚያሰማውን ድምፅ ስትነግረው ሁለቴ አስደገማት። በመጨረሻ የሚያመው ጉልበቱ እንዴት እንደሆነ ጠየቀችው። ደህና ነው ሊላት አፉን ከፈተ፤ ደረጃ መውጣት እንዳቃተው ግን ነገራት።