ለአባቴ ኮምቢ የቮልስ ሞተር

ማክሰኞ ጠዋት ከሚዛን ወደ ቴፒ የተነሳሁት ሞተር ላመጣ ነው። የአባቴ አሮጌ የቮልስዋገን ኮምቢ ባለፈው በጋ ከማጂ ስንመለስ ሞተሩ ተቃጥሎ ቆሟል። አባቴ የዚያኑ ዕለት "ዘይቱን መቀየር ረስቼው ነው" አለ። ከዚያ ወዲህ መኪና መንዳት ተወ። መነጽሩ በጠፋው ቁጥር "ጭንቅላቴ አልቆለታል" ይላል። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ "ዕድሜ ነው አባባ" እያልኩ ማጽናናቴ ነበር።

ሚኒባሱ ሞልቶ እስኪነሳ አንድ ሰዓት ፈጀ። ረዳቱ አንድ ሰው ብቻ ቀረኝ እያለ አራት ሰው ጫነ። ሸኮ ላይ ዝናብ ያዘን። አጠገቤ የተቀመጡ ኮረሪማ ነጋዴ ሙዝ አካፈሉኝና የጉዞዬን ምክንያት ጠየቁኝ። ስነግራቸው፣ ለአባትህ በቅሎ ብትገዛለት አይሻልም ወይ ብለው መንገደኛውን ሁሉ አሳቁብኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ቴፒ

ጋሽ ነስሩ ከጅማ መጥተው ቴፒ የከተሙ የድሮ ሾፌር ናቸው። የቮልሳቸውን አካል ዝገት በልቶት ሞተሩ ብቻ መጋዘን ውስጥ በሸራ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ስለ ዋጋ ከመነጋገራችን በፊት የኮምቢው ሞተር በምን እንደሞተ ማወቅ ፈለጉ። የዘይቱን ነገር ነገርኳቸው። አልተዋጠላቸውም፤ የማጂን መንገድ እንዴት እንደነዳነው ጠየቁኝ።

እኔ ደግሞ ኩራት ቢጤ ይዞኝ ብልሃቴን አወራሁ። አቧራው የጉድ ስለነበር ከኋላ በሁለቱም ጎን ያሉትን የአየር መግቢያዎች በቡና ጆንያ ጠቅጥቄያቸው ነበር። እኛ አገር አቧራ እንዳይገባበት የተፈለገ ነገር ሁሉ ጆንያ ይለብሳል። ጋሽ ነስሩ ትክ ብለው አዩኝ።

"ልጄ፣ ይኼ ሞተር እኮ ውሃ የለውም። የሚያበርደው በዚያ የሚገባው አየር ነው። አፍነህ ገደልከው።"

ብልሃት ያልኩት ነገር ነው ለካ አባቴን ራሱን እንዲጠራጠር ያደረገው። ዋጋም ሳልከራከር ከፈልኩ።

አማን

ሞተሩን በጭነት መኪና ኮምቢው ወደቆመበት አማን ጋራዥ አመጣሁት፤ እዚያ የሚሠራው መካኒክ ታምራት ሁለት ቀን ታገለው። የቮልሱ ማራገቢያ ከሞተሩ በላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ የኮምቢው ግን ዝቅ ያለ ነበር። ስለዚህ የድሮው መሸፈኛ ቆርቆሮ አልገጥም አለ። ታምራት ክፍተት ከቀረ ከሥር ያለው ትኩስ አየር ተመልሶ ይገባል ብሎ ከአሮጌ በርሜል ቆርቆሮ ቆረጠና ዙሪያውን ዘጋው። ከዚያ የተቃጠለውን ሞተር የዘይት ማጣሪያ ፈትቶ አሳየኝ። ገና አዲስ ነው። ማጣሪያ ደግሞ የሚቀየረው ከዘይቱ ጋር ነው።

ሚዛን

ዓርብ ከሰዓት ኮምቢውን እየነዳሁ ግቢያችን ገባሁ። አባቴ አዲሱን ድምፅ ሰምቶ በረንዳ ላይ ወጣ። ሞተሩን አጥፍቼ፣ ሳልቀመጥ፣ ሁሉንም ነገርኩት፤ ስለ ጆንያውም፣ ስለ ማጣሪያውም። ይቆጣኛል ብዬ ነበር፤ ቢቆጣኝም በወደድኩ። እሱ ግን ከበረንዳው ወርዶ የአየር መግቢያዎቹን በእጁ ዳሰሰ።

ከዚህ ጉዞ ስለ ሞተር ብዙ ተምሬያለሁ። ሰው በራሱ ላይ ጥፋት ሲጭን "ዕድሜ ነው" ብሎ መስማማት ማጽናናት እንዳልሆነ ግን የገባኝ፣ አባቴ ቆይቶ ሲናገር ነው።

"ታዲያ እኔ ዘይቱን ቀይሬው ነበር ማለት ነው" አለ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።