የአራጋው የዝናብ ውሃ

አራጋው ላሊበላ ውስጥ በሁለት ነገር ይታወቃል፤ በባትሪና በኩራት። ኩራቱን ሚስቱ ሸጌ ትችለዋለች። ባትሪውን ግን ከእሱ በቀር የሚችለው የለም። ተወልዶ ያደገው ኮን ከተማ ነው፤ ሙያውን የለመደው ኮምቦልቻ፣ የጭነት መኪና ባትሪ ከሚሞላበት ቤት ተቀጥሮ ነው። የኤሌክትሪክ ባጃጆቹ ወደ ከተማው ሲመጡ ሌላው ሁሉ ሲሸሻቸው እሱ ብቻ ቀረባቸው።

ባጃጆቹ አሥራ አንድ ናቸው። ሁሉም ሌላ አገር ሠርተው፣ ደክመው፣ ተሸጠው የመጡ ናቸው። እያንዳንዳቸው ከመቀመጫው ሥር አምስት አምስት ባትሪ ተሸክመው ያንን ዳገት ይወጣሉ። ያረጀ ባትሪ እንዳረጀ ሰው ነው፤ ቶሎ ይደክመዋል፣ ቶሎ ይጠማዋል፣ አመሉን የማያውቅ ሰው ከነካው ያኮርፋል። አራጋው የሁሉንም አመል ያውቃል። በየሳምንቱ ክዳኑን ከፍቶ አሲዱን ይለካል፣ የጎደለውን ውሃ ይሞላል፣ ማሰሪያው ላይ የበቀለውን ነጭ ነገር በሙቅ ውሃ ያጥባል። የደከመውን ባትሪ ከብርቱ ጋር አያጣምርም። «አንዱ ሰነፍ አራቱን ይዞ ይሞታል» ይላል።

ከሁሉ በላይ የሚኮራው ግን በውሃው ነበር። ባትሪ የሚጠጣው ውሃ ምንም የሌለበት መሆን አለበት። የታሸገው ከወልድያ ቢመጣ ይመጣል፣ መንገድ ሲዘጋ ይቀራል። ስለዚህ አራጋው በየነሐሴው ግቢው ውስጥ ነጭ ፕላስቲክ ይወጥራል። ከቆርቆሮ የወረደ ውሃ አይነካም። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ዝናብ እንኳ «ሰማዩ ፊቱን ይታጠብ» ብሎ ይደፋዋል፤ ከዚያ በኋላ የወረደውን ነው በጀሪካን የሚያስቀምጠው። ሸጌ አንድ ቀን ተሳስታ በዚያ ውሃ ሽሮ ብትሠራበት ሦስት ቀን አኩርፏል፤ ሽሮውን ግን በልቷል። ሹፌር የምንጭ ውሃ ይዞ ከመጣማ አያድርስ ነው። «ለሰው ጤና የሆነ ውሃ ለባትሪ መርዝ ነው! ከድንጋይ የወጣ ውሃ ድንጋይ ይዞ ነው የሚወጣ!»

ይህን ሁሉ እያወቀ ነው እንግዲህ ያደረገው።

ያለፈው ዓመት ለገና በዓል የመጣው ምዕመን ብዛት ለጉድ ነበር። ባጃጆቹ ሲወጡ ሲወርዱ ሰነበቱ፤ ያረጁት ባትሪዎች እንደ ግመል ጠጡ። ጥር ሲጋመስ ጀሪካኖቹ ባዶ ሆኑ፤ የወልድያም መንገድ ተዘግቶ ነበር። አራጋው «ውሃ ጨርሻለሁ፣ ለጥቂት ሳምንት አቁሟቸው» ሊል ወደ ባጃጆቹ መቆሚያ ወረደ። ገና ሳይናገር የሹፌሮቹ ተጠሪ ዘመኑ በሰው መሀል ትከሻውን ያዘው። «እንኳን አንተ ኖርህልን! ሌላ ከተማ ቢሆን ይኸኔ ቆመን ነበር» አለው። አራጋው የመጣበትን ነገር ትቶ ዳገቱን ወጣ።

ተመልሶ ከቤቱ በላይ ካለው ምንጭ ጀሪካኖቹን ሞላ። በነጭ ጨርቅ አጠለለው፣ አፈላው፣ አቀዘቀዘው። ማፍላቱ ምንም እንደማይፈይድ ያውቃል። ሰው አንዳንዴ የሚለፋው ራሱን ለማታለል ነው። «አንድ ጊዜ ብቻ» አለ። አንዱ ጊዜ ሦስት ሆነ።

መጋቢት ላይ ባጃጆቹ መድከም ጀመሩ። መጀመሪያ የሹፌሯ የንጋት ባጃጅ ሁለት ሽማግሌዎች እንደጫነች ዳገት መሀል ቆመች፤ ንጋት ወርዳ ሰው ለምና ገፋቻት። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። አራጋውን የጠረጠረ አንድም ሰው አልነበረም። እሱን ያንገበገበውም ይኸው ነው። ጣት ሁሉ የተቀሰረው እትዬ ሂንድ ላይ ነበር።

እትዬ ሂንድ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከገበያው ሥር ባለው ሱቃቸው ባጃጆቹን ቻርጅ የሚያደርጉ ሴት ናቸው። «ባትሪውን የቀቀለው የሂንድ ቻርጀር ነው» ተባለ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው። አራጋው ሰማ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብሎ ዝም አለ።

ሚያዝያ ላይ ዘመኑ ሹፌሮቹን ሁሉ እትዬ ሂንድ በር ላይ ሰበሰበ። «በሰው ላይ በሐሜት አንፈርድም። አራጋው ቻርጀሩን ይለካውና እሱ ያለው ይጽና» አለ።

አራጋው ቁጢጥ ብሎ ቴስተሩን ደገነ። ቁጥሩ ልክ ነበር። ደግሞ ለካው፤ አሁንም ልክ። «ልክ ነው» ቢል የሚቀጥለው ጥያቄ «ታዲያ ምን ገደላቸው?» ነው። ከዚያ ክዳን ይከፈታል፣ ከዚያ ስለ ውሃው ይጠየቃል። አሥራ አንድ ሹፌር አፉን አፉን ያየዋል።

«ትንሽ ከፍ ይላል» አለ።

እትዬ ሂንድ ከቴስተሩ ወደ ፊቱ አዩ። «አራጋው ካለ እኔ ምን እላለሁ። አላህ ያውቃል» አሉና ሶኬቱን ከግድግዳው ነቅለው ገመዱን መጠቅለል ጀመሩ።

ሹፌሮቹ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ቤት ሄዱ። ባትሪዎቹ እዚያም ሲሞቱ «ከሂንድ ቤት ያመጡት በሽታ ነው» ተባለ። እሳቸው እጃቸውን ቢያነሱ ባጃጅ አይቆምላቸውም፤ የገበያ ዕቃቸውን በጀርባቸው አዝለው ዳገቱን በእግር ይወጣሉ። አራጋው ከሩቅ ሲያያቸው መንገድ ይቀይራል። ያፍር ነበር፤ ማፈሩ ግን አንድ ቀን እንኳ ሸክማቸውን አላቀለለም።

ነሐሴ ላይ እትዬ ሂንድ ቻርጀሩን በሻሽ ጠቅልለው ቤቱ ድረስ መጡ። «ከፍ ይላል ካልህ እንግዲህ ዝቅ አርግልኝ» ብለው ደጃፉ ላይ አስቀምጠውለት ሄዱ። አራጋው ፈታው። የሚጠገን ነገር የለውም። ገጠመው፤ በነጋታው ደግሞ ፈታው። በሳምንቱ ሸጌ «ምኑ ነው የተበላሸው?» ብትለው ምግቡን ትቶ ተነሣ፤ ቻርጀሩን አቅፎ ሱቃቸው ሄደ።

«ግባ» አሉት። አልተቀመጠም።

«እትዬ ሂንድ፣ ቻርጀርዎ ደኅና ነው። ያን ቀንም ደኅና ነበር። ባትሪዎቹን የገደልኋቸው እኔ ነኝ፤ የምንጭ ውሃ ጨምሬ።»

«ደኅና መሆኑን አውቃለሁ» አሉ። «ወሬው የተነሣ ሰሞን፣ መንገዱ ሲከፈት ወልድያ ወስጄ አስለክቸዋለሁ።»

አራጋው ቀና ብሎ አያቸው። «ታዲያ ያን ቀን ለምን ዝም አሉ?»

«ልክ የሆነውን ነገር ሁለቴ ለካኸው። ምን እንደነካህ አላወቅሁም፤ የጨነቀህ ነገር እንዳለ ግን አየሁ። ባለሙያን በሰው ፊት ማዋረድ ከበደኝ። ነገ ራሱ መጥቶ ይነግረኛል አልሁ። ነገ አልሁ፣ ነገ አልሁ፤ ይኸው አራት ወር። ቻርጀሩን ያመጣሁትም መንገዱን ላሳጥርልህ ብየ ነው።»

ቢሰድቡት በቀለለው። አራት ወር ሙሉ እሱ ስሙን ሲጠብቅ፣ እሳቸውም የእሱን ስም ሲጠብቁ ኖረዋል፤ የጠፋው የእሳቸው ብቻ ነው። እግራቸው ላይ ወደቀ።

«ተነስ እንጂ! እኔ እግር ሥር ምን ታረጋለህ?» አሉ ክንዱን ይዘው። «እዚህ የሚሰማህ ሰው የለም፤ ሰው ያለው መቆሚያው ላይ ነው።» ሻሻቸውን አስተካክለው ተነሡ። «አብሽር፣ እኔም አብሬህ እሄዳለሁ።»

ቻርጀሩን አራጋው ተሸክሞት ዳገቱን በእግር ወጡት። መቆሚያው ላይ ከቆሙት ባጃጆች አጠገብ ዘመኑ፣ ንጋትና ሌሎቹም ነበሩ። ዘመኑ ከሩቅ አይቶት «አራጋው! እንዴት ነው፣ ሠራኸው?» አለ።

«ቻርጀሩ አልተበላሸም» አለ አራጋው። ድምፁ ከአፉ ብዙም አልራቀም። ዘመኑ «ምን አልህ?» ብሎ ጆሮውን አቀረበ።

እትዬ ሂንድ አራጋውን ቀና ብለው አዩት። «ጮክ በል» አሉት። «ያን ቀን ሁሉም ሰምቶሃል።»

ጮክ ብሎ ተናገረ።