የንጉሥ አልጋ

ንጉሥ አዳራሽ መሀል ለምን እንደሚተኛ ለሁለት ሳምንት ሲገርመኝ ከረመ። ግን አልጠየቅሁም። ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ ባልተናደድሁ።

የምኖረው ዘንዘልማ፣ ታላቅ ወንድሜ ቤት ነው። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። በወንድሜ ኮምፒውተር ቪዲዮ እያየሁ ለጌም የሚሆኑ ቤቶችንና ዕቃዎችን መሥራት ለመድሁ። ሥራ ፍለጋ በሄድሁበት ሁሉ ግን ገና ሳልቀመጥ ዲፕሎማ ይጠይቁኛል፤ እኔም ከበሩ እመለሳለሁ። ስለዚህ ወንድሜ ቴሌግራም ላይ ባገኘው የጌም ሥዕል ውድድር ላይ ተስፋዬን ሁሉ ጣልሁ። ያለፈ ሰው ጌም ከሚሠሩት ጋር ሥልጠና ይገባል፤ የሚታየው ሥራው እንጂ ወረቀቱ አይደለም ተብሏል።

የውድድሩ ርዕስ የመጣ ቀን ስልኬን ትቼ ወፍጮ ቤት ሄጄ ነበር። ወንድሜ ከመሥሪያ ቤቱ ሲደውል ያነሡት አባታችን ናቸው። አባባ በአቅራቢያችን ባለው ሐይቅ፣ ደሴት ላይ ባለ ደብር ቅኔ ያስተምራሉ፤ ያን ሰሞን ለጥርሳቸው ሕክምና መጥተው እኛ ዘንድ አርፈዋል። ወንድሜ የነገራቸውን በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፋቸው ካሌንደር ጀርባ ላይ ጽፈው ሰጡኝ፦ «የንጉሥ አልጋ የቆመበት አዳራሽ። በምናብ የሚሠራ።» በማግሥቱ ወንድሜ ለመስክ ሥራ ደልጊ ሄደ። ደውዬ ማረጋገጥ አባባን መጠርጠር መሰለኝና ተውሁት።

አዳራሹን ከሐይቁ ሥር አደረግሁት። ምሰሶዎቹን ታንኳ እንደሚሠራበት የሐይቅ ሣር፣ እንደ ደንገል፣ እየጠቀለልሁ አስሬ አቆምኋቸው። ብርሃኑ ውኃውን አልፎ ከላይ ይወርዳል። መሀሉ ላይ ግን አልጋ፤ ትራስና መጋረጃ ያለው። የብርድ ልብሱ እጥፋት ብቻ አራት ቀን ፈጀብኝ። አባባ በኋላዬ ሲያልፉ ጎንበስ ብለው ያዩና «ሰፋ አድርጊው፣ ንጉሥ ነው» ይሉኛል። አሰፋዋለሁ።

ወንድሜ የተመለሰው ውድድሩ ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ቦርሳውን ሳያወርድ ኮምፒውተሩን አየ።

«ንጉሡ የታለ፣ ሻወር ገብቷል?» አለኝ። «ዙፋን ነው እኮ ያልሁት። አንቺ የሠራሽው የፔንሲዮን ክፍል ነው።»

ካሌንደሩን አመጣሁለት። አነበበውና ወደ አባባ ዞረ። አባባ ምንም አልደነገጡም።

«አልጋ ወራሽ ሲባል ፍራሽ የሚወርስ መስሎሽ ኖሯል?» አሉኝ።

ወንድሜ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ሳቄ አልመጣም። አልጋ ወራሽ የሚለውን ቃል ከትምህርት ቤት ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ አልጋው ምን እንደሆነ ግን አስቤው አላውቅም። የተነገራቸውን ቃል እንዳለ መጻፍ ምን ነበረበት? እኔስ አንዲት ጥያቄ መጠየቅ ምን ነበረብኝ? በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አባባን ደፍሬ ተናገርኋቸው።

«ታዲያ ትራሱን ሲያዩ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ንጉሥ ያለ ትራስ ሊቀመጥ ነው እንዴ?» አሉ። የድሮ ንጉሥ ሰፊ አልጋ ላይ፣ በትራስ ተደግፎ፣ እግሩን አጣጥፎ እንደሚቀመጥ አስረዱኝ። ለካ እሳቸው ሁለት ሳምንት ሙሉ ዙፋን ነበር የሚያዩት።

አዲስ ለመሥራት ጊዜ አልነበረም። የአራት ቀን ብርድ ልብሴን ባንድ ጊዜ አጠፋሁት። አልጋውን አሳጥሬ ደረጃ ላይ አወጣሁት፤ መጋረጃውን ወደ ኋላ ሰበሰብሁት። አሁን ሁሉን እጠይቅ ጀመር። ትራሱ ስንት ይሁን? በየት በኩል? አባባ ለአንድ ትራስ የአንድ ንጉሥ ታሪክ ያወሩልኛል፤ ሰዓቱ ይሄዳል፤ እኔ ጥርሴን ነክሼ እሰማለሁ። ሥራው የተላከው ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ነው።

ማለፌን የሰማሁት አባባ ወደ ደብራቸው ለመመለስ ሲሰናዱ ነው። ዳኞቹ ሰፊውን ዙፋን ወደውታል። ከመልእክቱ ጋር የሚሞላ ፎርም መጣ፤ በእንግሊዝኛ ነው። ሁለተኛው መስመር ምን እንደሚል ወንድሜን ሁለት ጊዜ ጠየቅሁት። ሁለቴም ያው ነው፤ የትምህርት ደረጃ። አይጠየቅም የተባለው ይኸው ተጠየቀ።

አባባ ከኪሳቸው እስክሪብቶ እያወጡ «ንገሪኝ፣ እኔ ልጻፍልሽ» አሉ።

«ይተዉት አባባ፣ እኔው እጽፈዋለሁ» አልሁ። ስምንተኛ ክፍል ብዬ ሞላሁና ላክሁት።